ሻሿን እስክታስር

"ጋሼ፣ አንዱን ምረጥልኝ" አለና ስልኩን አቀበለኝ።

የእህቴ ልጅ ነው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ የወደቀ ልጅ ነው። መቼም "ወደቀ" ስላልኩ ሰነፍ ነው ብላችሁ እንዳታስቡብኝ፤ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ናቸው። በዓመቱ ደግሞ 3.2 ሆነ። አገር ምድሩ ሲወድቅ እሱ ብቻውን ምን ብሎ ይቁም? እህቴ ግን በዚህ አልተጽናናችም። ሳሎኗ ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋውን ለብሶ ከተነሳው ፎቶ ጎን፣ ምስማሯ ሳይቀር የተመታች ባዶ ቦታ አለች። የሱ የምረቃ ፎቶ የሚሰቀልባት ናት። ልጁ ሆዬ "እማዬ፣ እኔ ፎቶ የምነሳ ሳይሆን የማነሳ ነው የምሆነው" አላት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። ሠርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ሲረጭ የዋለው ሕዝብ ነው፣ ግንቡን ተደግፈው የሚነሱ ሙሽሮች ናቸው፤ ሁሉንም አነሳ። አሁን አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ገብቶ ፎቶግራፍን በወጉ ሊማር ነው። ለማመልከቻው ከሥራዎችህ አንድ ፎቶ ብቻ ላክ ብለውታል። እኔን የሚያማክረኝ በጎረምሳነቴ ፎቶ አንሺ ስለነበርኩ ነው። ካሜራውን ከተውኩት ስንት ዘመኔ!

ያሳየኝ ሁለት ነው። አንደኛው እናቴ ናት፤ የሱ አያት። ጥለቱ የሚያምረውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆጣ ብሏል። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ላይ የተኙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል፣ የጧት ፀሐይ ጺማቸው ላይ አርፋለች፣ አንዲት ዝንብ ከንፈራቸው ጥግ ተቀምጣለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው ግሩም ፎቶ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፎቶ ባነሳ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

"የአያቴ ፖዝ ነው" አለኝ። "ይሄኛው ግን ናቹራል ነው።"

"ስማቸው ማን ይባላል?"

"የማን?"

"የሽማግሌው።"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ተኝተው ነበር'ኮ!"

ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ለሱ መመለስ ያቃተኝን ለእናንተ ልመልስ ብዬ ነው። መመለሴንም እንጃ።

"ናቹራል" የምትለውን ቃል እኔም ተከፍሎልኝ የተማርኳት ናት። ማትሪክ 1.8 አምጥቼ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ አባቴ ሁለት በግ ሸጦ፣ ከአጎቴ ተበድሮ አዲስ አበባ ላከኝ። ዘጠኝ ወር ፎቶግራፍ ተማርኩ። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ፊልሙን በድቅድቅ ጨለማ በእጅ ዳሰሳ መጠቅለል፣ ማጠቢያውን ኬሚካል 20 ዲግሪ ላይ ማቆየት፣ ወረቀቱን በቀይ አምፖል ሥር ሳህኑ ውስጥ መንከር። ያቺን ደቂቃ ያየ ሰው አይረሳትም። ነጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ጥቁር ጥቁሩ ይመጣል፤ ዓይን፣ ፀጉር፣ የአፍ መስመር። ፊቱ ቀስ እያለ ይከተላል። አማርኛችን ይህን "ፎቶ ማጠብ" ማለቱ ደስ ይለኛል።

ከአስተማሪዎቻችን አንዱ ደጋግሞ የሚነግረን ነገር ነበር። ሰው ካሜራ ካየ ይዋሻል፤ እውነቱን የምታገኙት ሳያያችሁ ስታነሱት ነው ይለናል። ደብተራችን ላይ ጻፍነው። ለኔ ለጎንደሬው ደግሞ ይሄ ትልቅ እውቀት ነበር። እኔ የማውቀው ፎቶ ቤት ግድግዳው ላይ ሐይቅና አበባ የተሳለበት፣ መስተዋትና ማበጠሪያ የተሰቀለበት፣ ለሌለው ኮትና ክራቫት የሚያውስ ፎቶ ቤት ነው። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ገበሬ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ይገባል፤ ፊቱን በውኃ ያብሳል፣ የተዋሰውን ኮት ይለብሳል፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ያን ሁሉ ዓመት ውሸት ሲመረት ነበር ያየሁት ማለት ነው! እንዲህ ብዬ አሰብኩ። አፈርኩባቸውም።

ኅዳር 1993 ለመመረቂያችን የሚሆን ፎቶ ልናነሳ ወደ ስሜን ተራሮች ወጣን። ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር በእግር ጅንባርን ተሻግረን ግጭ ደረስን። ያኔ ግጭ መንደር ነበረች፤ ክብ የሣር ቤቶች፣ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ሜዳ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካሜራዬ ዜኒት ናት፤ ፊልሙ 36 ፍሬ፤ የቀረኝ አራት።

አንዲት ሴት ደጇ ላይ እህል ታሰጣለች። ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። "አንዴ ላንሳሽ እህቴ?" አልኳት። ደስ አላት። እጇን አራገፈች፣ ወደ ልጇ አየች፣ ወደ ራሷ አየች፤ ከዚያ "ትንሽ ታገሰኝ ወንድሜ፣ ሻሼን ልሰር" ብላ ወደ ቤት ገባች። እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከምድጃው ጭስ ይወጣል፣ በበሩ የገባው ብርሃን ልክ ፊቷ ላይ አርፏል። የቆየውን ሻሽ ፈታችው። ፀጉሯ ግማሹ ወረደ። ቀና አላለችም።

አነሳኋት።

ድምፁን የሰማች አልመሰለኝም። ጥቂት ቆይታ ቀይ ሻሽ አስራ ወጣች፤ ለኢድ የምታስረው መሆኑን ነገረችኝ። የልጇንም ፊት አብሳለች። ግድግዳውን ተጠግታ እጇን ልጇ ትከሻ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች። ፊቷ ቆጣ አለ፤ ልክ እንደ እናቴ። የቀረኝ ሦስት ፍሬ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ እሜት ጎጎ ላይ ላነሳባቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ይሄ ደግሞ "ፖዝ" ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ካሜራዬ ላይ የተገጠመው ፍላሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፏን ስትጫኗት ፍላሹ ያበራል እንጂ ፎቶ አይነሳም። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እሷን ተጫንኩ። ብልጭ አለ። ልጅቱ ደንግጣ አለቀሰች። እናትየው ሳቀች። "መቼ ይደርሳል?" አለችኝ። "በቅርቡ እልክልሻለሁ" አልኳት። በማን በኩል? በምን አድራሻ? ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

እሜት ጎጎ ላይ ሦስቱንም ፍሬ ጉም በላብኝ።

የበሩ ፎቶ ግን የተሳካ ነበር። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጎ አሳየው፤ በምረቃው ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዓመቱ አንድ ድርጅት ቀን መቁጠሪያው ላይ ሊያወጣው 400 ብር ሰጠኝ። ወጣም። ከሥሩ ስለ ድህነት የሚናገር አንድ መስመር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴትየዋ ያን ቀን ቤቷ ገብስ ነበር፣ ለኢድ የምታስረው ቀይ ሻሽ ነበር። ፀጉሯን ለባዳ የማታሳይ ሙስሊም ሴት ናት፤ ይሄ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው የስንቱን ቢሮ ግድግዳ ከዞረ በኋላ ነው የገባኝ። 400 ብሩን ምን እንዳደረግሁበት አላስታውስም።

ሳያውቅ የተያዘ ሰው ይበልጥ እውነት ነው ያለው ማነው? እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የፎቶ ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ሐሳብ አለ፤ ሰው የሚሸፍነው እውነቱ ነው፣ የሚያሳየው ውሸቱ ነው የሚል ሐሳብ። እኛ አገር ለዚህ ለሚሸፈነው ነገር ስም አለን። ገመና እንለዋለን። የሰው ገመና መሸፈን ወግ ነው። እንግዳ ሰው ቤት ሲሄድ "ቤቶች!" ብሎ ደጅ ላይ ይቆማል። ለምን? ከውስጥ ያለው ሰው አልጋውን እንዲያለብስ፣ ነጠላዋን እንድትደርብ፣ ልጁ አፍንጫውን እንዲጠረግ። ከዚያ "ይግቡ" ይባላል። እንግዳው ገብቶ "ቤቱ ስለተስተካከለ ውሸታችሁን ነው" ይላል? የዚያ ቤት ሰዎች ማንነት በዚያች ትንሽ መዘጋጀት ውስጥም አለ። እንዲያውም ሲያንቀላፉ ከመያዛቸው ይልቅ መዘጋጀታቸው የራሳቸው ሥራ ነው፤ አስበው ያደረጉት ነው። "ትንሽ ታገሰኝ" ያለችኝ ሴት "ቤቶች" እስክል እንኳ አልጠበቀችኝም፤ ራሷ ነገረችኝ። እኔ ግን ዘልዬ ገባሁ።

(በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ ፎቶን "ወሰድኩ" ነው የሚሉት። እኛ "አነሳሁ" እንላለን። ሰውን ከወደቀበት ማንሳትም ያው "አነሳ" ነው። ግን ደግሞ ጎረቤቱ "ነሳ" አለ። ፊት መንሳት። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ።)

አሁን እዚህ ላይ ብቆም ይመቸኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ሰው ሁሉ ሻሹን አስሮ ብቻ ይነሳ ቢባል፣ ስለ አገራችን ያለን ምስል ዘውድ የደፋ ንጉሥና ሜዳሊያ የደረደረ ሹም ብቻ በሆነ ነበር። በድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ሥራቸው ሀብት ነው፤ ግን ሁሉም ተዘጋጅቶ የተነሳበት ነው። በ1966 ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የትኛው መኳንንት ነው "ይህንንም አንሱ" ያለው? እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 አገሩ ላይ አሳየው። እነዚያ መሬት ላይ የተዘረጉ ሰዎች ሻሽ የሚያስሩበት አቅም አልነበራቸውም፤ ፈቃድ የሚሰጡበትም እንዲሁ። ባይቀረጹ ዓለም አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ "ሳይፈቀድ የተነሳ ሁሉ ስርቆት ነው" የሚል ካለ ከኔ ጋር አይስማማም።

ግን የዚያ ፊልም ነገር በዚህ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው፣ የወሎዎቹ ሰዎች ፊት መጀመሪያ "እርዱን" አለ፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ "ንጉሡን አውርዱ" አለ። ሰዎቹ ሁለቱንም አላሉም። ፊታቸው እዚያው ነው፤ ከጎኑ የሚለጠፈው ነገር ነው የተለወጠው። ሳይዘጋጅ የተያዘ ፊት የራሱ ቃል የለውም፤ ቃሉን የሚሰጠው የያዘው ሰው ነው። የግጯ ሴት በበሩ ፎቶ "ድሀ ነኝ" አለች። ቀይ ሻሿን አስራ ቢሆን ኖሮ ያን መስመር ከሥሯ ለመጻፍ ትንሽ ያስቸግራቸው ነበር።

መዘጋጀትም ቢሆን ማን እንዳዘጋጀ ይጠየቃል። እዚያው ስሜን ውስጥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ በ1847 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤን ልጅ ጥሩወርቅንም አገቡ። ዓለማየሁ ተወለደ። ሚያዝያ 1860 አባቱ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ እናቱ ከጦሩ ጋር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። በሐምሌ ልጁ እንግሊዝ ደርሶ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። የሐበሻ ልብስ ለብሷል፣ ጌጥ አንገቱ ላይ ነው። አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲም እንደ ሐበሻ ለብሶ አብሮት የተነሳበት ፎቶ አለ። "ፖዝ" ከተባለ ከዚህ ወዲያ ፖዝ የለም። ግን እዚያ ፎቶ ላይ ከልጁ የሆነ ምን አለ? ልብሱን አልመረጠ፣ ወንበሩን አልመረጠ። ዓይኑ ብቻ ነው የራሱ። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ፤ አጽሙን መልሱልን ሲባል በ2015 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። እኔ ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ "አንተስ እንዴት መነሳት ትፈልጋለህ?" ብሎት ይሆን እላለሁ።

እናቴን ለምን ፊትሽን አኮሳተርሽ ብያት ነበር። "እና ለለቅሶዬ ልሣቅ?" አለችኝ። ለካ ልጁ ሊያነሳት ሲመጣ "አስተካክለህ አንሳኝ፣ ይሄ ለለቅሶዬ ነው የሚሆነው" ብላዋለች። እኛ ጋ ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ እየታየ ይለቀሳል። ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ ትንፋሹን የሚውጠው ካሜራውን ፈርቶ ነው ስል ኖሬያለሁ። ያች ሴት ግን የቆመችው በሌለችበት ቀን ከሚያይዋት ሰዎች ፊት ነበር።

በ2011 ወደ ደባርቅ ሄድኩ። ሌላ ጉዳይ ነበረኝ፤ ፎቶውን ግን አሳጥቤ ያዝኩ። ወደ ግጭ መውጣት አላስፈለገኝም፤ ግጭ መንደርነቷ ቀርቷል። ፓርኩን ለማዳን ተብሎ ነዋሪዎቹ በ2008 ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ቆርቆሮ ቤቶቹ መሐል ፎቶውን ይዤ ጠየቅሁ። አንድ አያ "ይቺማ አርፋለች፤ ልጇ ግን እዚያ ጋ አለች" ብለው አሳዩኝ።

ልጅቱ ትልቅ ሴት ሆናለች። ፎቶውን ተቀበለችኝና ብዙ ዝም ብላ አየችው።

"እማ ናት" አለች። ከዚያ "ሻሿን እየፈታች ነው?"

"ልታስር ስትል ነው።"

"አስራ የተነሳችው የለም? ቀዩን?"

ዝም አልኩ።

"ብልጭ ሲል ትዝ ይለኛል" አለችኝ። "እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀች። ይመጣል እያለች ስንት ጊዜ ጠበቀችው መሰለህ።"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። "ፊልሙ ተቃጠለ" አልኳት።

"ፊልም ይቃጠላል እንዴ?"

"አዎ፣ ብርሃን ከገባበት ይቃጠላል።"

"የአላህ ነገር" አለች። ፎቶውን ደረቷ ላይ ገልብጣ ያዘችው፤ በዚያ የሚያልፉ ወንዶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። የ21 ዓመት ልጅ እንዲህ ዝም ብሎ ሲሰማኝ አይቼ አላውቅም። ሲጨርስ ግን "ጋሼ፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ባታነሳት ኖሮ ልጅቱ ዛሬ ምን ይኖራት ነበር?" አለኝ።

ትክክል ነው። አንዲት ፍሬ ባላባክን ኖሮ ቀይ ሻሿን ያሰረችው ይኖራት ነበር ልለው እችል ነበር። ግን እሱ የጠየቀኝ ይሄን አይደለም።

የአያትህን ላክ አልኩት። እሺ አለኝ። ኮሌጁ የተቀበለው በሽማግሌው ፎቶ መሆኑን እህቴ ነች የነገረችኝ። ምዝገባው በመስከረም ነው፤ የመጀመሪያውን መንፈቅ ክፍያ እኔ እከፍላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።